የጠርሙሱ ግርጌ

ጥቅምት 12 ቀን

ለልጄ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ጤናዬን ለጠየቅሽው፣ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ሲያይ ይቆጣል። ጎረቤቴ መምህሩ «ላንብብልዎት፣ መልሱንም እኔ ልጻፍልዎት» ብሎ መነጽሩን አውጥቶ ነበር። መነጽርህን ወደ ኪስህ መልስ አልኩት። ሦስት ቀን ፈጀብኝ እንጂ ራሴ አነበብኩት። ፊደል የቆጠርኩት ሠላሳ ዓመት አልፎኝ ቢሆንም የልጄን ቃል በሌላ ሰው አፍ አልሰማም። ይህንንም የምጽፈው በገዛ እጄ ነው። መስመሩ ሽቅብ ቢሄድብሽ ወረቀቱን ዘንበል አድርጊው።

ስልክ ለምን አያነሱም ብለሻል። ስልኩ የእናትሽ ነበር። መሳቢያ ውስጥ ነው፤ እንዳይጮህብኝ ባትሪውን አውጥቼዋለሁ።

ፖስታው ላይ ያለውን ማኅተም አየሁት። በአየር መልእክት ይላል። ወረቀትሽ ተሳፍሮ መጣ፣ አንቺ ቀረሽ። እናትሽ ትንፋሽ አጥሯት የወደቀች ሰኞ ዕለት ነገርንሽ። ቅዳሜ አረፈች። የዘጠኝ ሰዓት በረራ ነው። ለዚያ መስመር የሚበቃውን ነዳጅ በነዚህ እጆቼ ስሞላ የኖርኩ ሰው ነኝና ርቀቱን አትነግሪኝም። አንቺ ግን ዳግመኛ አውሮፕላን ላልሳፈር ምያለሁ ብለሽ በባቡር፣ በመርከብ፣ በአውቶቡስ፣ አሥራ ዘጠኝ ቀን ተንፏቀሽ መጣሽ። አፈሯ ደርቆ ነበር። በር ላይ ቆመሽ ያልሽኝንም አልረሳሁትም። «አባባ፣ አንድ መንገደኛ ሲበር የሚወጣው ጭስ ስንት እንደሆነ ቢያውቁ» አልሽኝ። ጭስን ለእኔ! በዚያ ጭስ አይደል እንዴ ደብተር የተገዛልሽ?

ቁጣዎ በርዶ እንደሆነ ብለሽ ጠይቀሻል። ዓመት ሆነው። አልበረደም።

መሥሪያ ቤትሽ የእኛን አውሮፕላን ማረፊያ ለማጽዳት ውል መግባቱን ሰማሁ። ከአትክልት ዘይት የተሠራ ነዳጅ ሊያመጡ ነው አልሽ። ለሸምበቆ ነገርኩት፤ ያንን ረጅሙን፣ ቦቴውን ይነዳልኝ የነበረውን ታስታውሺዋለሽ። «ታዲያ አውሮፕላኑ ሊበር ነው ወይስ ሊጠበስ?» ብሎ ሲስቅ ጥርሱ ወለቀ። ውሸቴን አይደለም፣ የተተከለችዋ ጥርሱ መሬት ወደቀች። አፈሩንም ቆፍራችሁ ልትመረምሩ መሆኑን ጽፈሻል። ይሁን፣ ቆፍሩ።

ከዚያ መጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ ጣል ያደረግሻት ጥያቄ አለች። የማለዳው ነዳጅ የት ይደፋ ነበር ትያለሽ። አንቺ ሕፃን ሆነሽ የማታውቂው ነገር የለም፤ ቢሆንም እነግርሻለሁ። ነዳጅ ቦቴው ውስጥ ሲያድር ውሃ ካለበት ውሃው ይከብዳልና ወደ ግርጌ ይወርዳል። ማለዳ አውሮፕላን ሳይሞላ በፊት የቦቴውን የግርጌ ቧንቧ እከፍትና በጠርሙስ እቀዳለሁ። ጠርሙሱን ወደ ፀሐይ አነሣዋለሁ። ውሃ ካለ ከሥር ይታያል። እስኪጠራ አወርዳለሁ። ሲጠራ ቅጹ ላይ «ንጹህ» ብዬ ጽፌ እፈርማለሁ። በሕይወቴ መጀመሪያ መጻፍ የተማርኩት ቃል እሱ ነው፤ ከስሜም በፊት። ሠላሳ አንድ ዓመት ጽፌዋለሁ። በእኔ እጅ የተሞላ አውሮፕላን ውሃ ጠጥቶ አያውቅም። ጠብታ ብለው ስም ያወጡልኝ አንዲት ጠብታ ስለማላፈስ ነው።

የተቀዳው ደንቡ በሚያዘው በርሜል ይገለበጥ ነበር። አበቃ።

አባትሽ

―

ኅዳር 20 ቀን

ለልጄ፣

ሰላምታሽን የሚያብረቀርቅ ሰደርያ የለበሰ አንድ ጎረምሳ ኢንጂነር አደረሰልኝ። «ልጅዎ ሰላም ብላለች፣ ይተባበሩን ብላለች» አለኝ። ከመቼ ወዲህ ነው እኔና አንቺ በመሥሪያ ቤት በኩል ሰላም የምንባባለው?

ሥራው እንዴት እየሄደ ነው ላልሽው፣ ሦስት ሆነው መጥተዋል። መሰርሰሪያ አላቸው፤ ሲሠራ የቤቴን ጣራ ያንቀጠቅጠዋል። ከአውሮፕላን ማረፊያው አጥር ወዲያ፣ ከአሮጌው የነዳጅ ዴፖ ጀርባ፣ ሸምበቆ በጣቱ ባሳያቸው ቦታ አሥራ አራት ጉድጓድ ቆፈሩ። ምንም አላገኙም። ወንበሬን አውጥቼ በር ላይ ተቀምጬ አየኋቸው። ከጡረታ ወዲህ እንዲህ ያለ መዝናኛ አላገኘሁም።

ከዚያ ወደ ሰፈር ገቡ። ቁልቁል ያለችዋ ባለሱቅ ግቢ ያለውን የውሃ ጉድጓድ አሸተቱ፣ በትንንሽ ጠርሙስ ቀዱ፣ በሩ ላይ «ውጤቱ እስኪታወቅ አትጠጡ» የሚል ወረቀት ለጠፉ። ውጤቱ ደግሞ ባሕር ማዶ ሄዶ ሦስት ወር ይቆያል አሉ። ባለሱቋ ደንግጣ ወደኔ መጣች። ልጇ እርጉዝ ናት፤ ስድስተኛ ወሯ ነው። «ጠብታ፣ አንተ ነዳጅ በአፍንጫህ የምታውቅ ሰው ነህ፣ እውነት ነው?» አለችኝ። ሰፈሩ በሙሉ ቆሟል። ምን ላድርግ? በኩባያ ቀዳሁና በሰደርያዎቹ ፊት ጭልጥ አደረግሁት። «ንጹህ!» አልኳቸው። ሰዉ አጨበጨበ። ባለሱቋ ወረቀቱን ገንጥላ ስኳር ጠቀለለችበት። ያ ጎረምሳ ጆሮው ቀላ። ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ?

የእኛ ጉድጓድ ምን ሆነ ብለሻል። ቧንቧ ከገባልን ወዲህ የብረት ክዳን አለው። አልተከፈተም። የሚያስከፍተውም የለም።

የእናትሽን ምድጃ ለምን ጠየቅሽኝ? ለአፈር ምርመራ ምድጃ ምን ያደርጋል? ያው ሰማያዊዋ፣ ባለ ሦስት ክሯ የነጭ ጋዝ ምድጃ ናት። መደርደሪያው ሥር ናት፤ አልጣልኳትም። እናትሽ ሠላሳ ዓመት ያበሰለችባት ናት። ሰፈሩ በሙሉ ጀሪካን ይዞ ለነጭ ጋዝ ሲሰለፍ የእኔ ሚስት አንድ ቀን ተሰልፋ አታውቅም። ይህንንም መዝገብሽ ላይ ጻፊው። ሚስቱን ያላሰለፈ ሰው ነኝ።

የምስጋና ወረቀቴ ግድግዳው ላይ እንዳለ ነው፤ «ምስጉንና ታማኝ ሠራተኛ» ይላል። መስታወቱን በየሳምንቱ እወለውለዋለሁ።

አባትሽ

―

ታኅሣሥ 15 ቀን

ለውድ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኔ ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጽፌ ቀድጄዋለሁ፤ ይቅርታ ከየት እንደሚጀመር አላውቅም።

አባባ፣ ያልተሰለፈች ሴት ነጭ ጋዙን ከየት አመጣችው?

የአውሮፕላን ነዳጅና ነጭ ጋዝ ወንድማማች መሆናቸውን ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ቢጫዋን ጀሪካን አስታውሳለሁ። ከካፖርትዎ ሥር ይዘዋት ሲገቡ እማማ ፊቷን አዙራ ትቀበልዎት ነበር። የትምህርት ቤት ቦርሳዬ ይሸት ስለነበር ልጆቹ «ቦቴ» ይሉኝ ነበር። አልነገርኩዎትም። ልከስዎት አይደለም የምጠይቀው። በቤታችን ያልተራበ ሰው ስለመኖሩም እየረሳሁ አይደለም። የምጠይቀው ስለ ግርጌው ነው። ውሃ የገባበት ግርጌ በምድጃ አይነድም፤ ክሩን ያጠፋል። እሱን የት ይደፉት ነበር?

የእጅ መሣሪያው እንደሚለው ሽታው ከአጥሩ ስንርቅ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ወደ እኛ መንገድ ይመጣል። ውጤቱ እስኪመለስ ማንንም ማስገደድ አንችልም። ማስጠንቀቂያ ለጥፈን ነበር፤ እርስዎ በሰፈሩ ፊት ጠጡበት። አሁን የሚያምነን የለም። የሚያምኑት እርስዎን ነው። ባለሱቋም፣ ልጇም።

ስለ እማማ ለጠየቁኝ አንድም ቀን እውነቱን አልመለስኩልዎትም። መሃላ ነው ብዬ አለፍኩ። መሃላ ብቻ አልነበረም። እሷ ከመታመሟ ሦስት ሳምንት በፊት በአንድ ትልቅ አዳራሽ ስለ አውሮፕላን ጭስ ተናግሬ ነበር። ዳግመኛ አልሳፈርም አልኩ። ከኋላ አንድ ሰው ተነሥቶ «እናትሽ ብትታመምስ?» አለኝ። «ያኔም ቢሆን» አልኩት። አዳራሹ በሙሉ አጨበጨበ። ሰኞ ዕለት ስትነግሩኝ የሥራ ጓደኛዬ ቲኬት ይዛልኝ ነበር። ያ ጭብጨባ ጆሮዬ ላይ ነበርና አልሄድኩም። የተናገረውን መዋጥ የማይችል የማን ልጅ እንደሆንኩ እርስዎ ያውቃሉ።

ሐኪሙ ስለ ሳንባዋ ምን እንደጠየቀዎትም ይንገሩኝ። ለመዝገብ አይደለም። ለእኔ።

ልጅዎ

―

ጥር 10 ቀን

ለኢንጂነሯ፣

ደብዳቤሽን አነበብኩት። ጀሪካኗ ቢጫ አልነበረችም፣ ነጭ ነበረች፤ ፕላስቲክ ሲያረጅ ቢጫ ይሆናል። ሰው ሊከስ ሲነሣ ቀለሙን አስተካክሎ ይነሣል።

ሌባ ብለሽ አልጻፍሽም። በትሕትና ዞር ብለሽ አለፍሽው። እኔ ልበልልሽ። ያ ነዳጅ የሚጣል ነበር። በርሜል ገብቶ፣ በርሜሉ ሞልቶ፣ በሳምንት አንዴ መጥቶ የሚወስደው መኪና ሳይመጣ ወር ሆኖት፣ ደጅ ላይ ፈስሶ የሚቀር። ቤት ማምጣት ክልክል ነው ይላል ደንቡ። ደንቡን ያወጣው ሰው ሚስቱ ተሰልፋ ታውቃለች? እኔ አልሰረቅሁም፤ ከብክነት አዳንኩ። እናንተስ ዛሬ ሰደርያ ለብሳችሁ ምንድን ነው የምትሉት? ብክነት ይቀነስ አይደል? እኔ ቀድሜያችሁ ነበር።

ሐኪሙን ጠየቅሽኝ። ጠየቀኝ። «ወጥ ቤቷ መስኮት አለው?» አለ። የለውም አልኩት። «በምን ነው የምታበስለው?» አለ። በእንጨት አልኩት። እንጨት ቤታችን ገብቶ አያውቅም። ለምን ዋሸህ በይኝ እንግዲህ። ወጣቷ ነርስ አጠገቡ ቆማ ትጽፍ ነበር። ወረቀት ላይ የተጻፈ ነገር የት እንደሚደርስ አይታወቅም። ግድግዳዬ ላይ ያለውን የምስጋና ወረቀት አሰብኩ። እናትሽ አልጋው ላይ ሆና ሰማችኝ። አላረመችኝም። እያየችኝ ነበር። ከዚያ ዓይኗን ጨፈነች፤ እኔም ደከማት ብዬ ወጣሁ።

በመጨረሻ ዓመታቷ፣ ለእኛ ቧንቧ ሳይገባ፣ ከትምህርት ቤቱ ቧንቧ ውሃ ተሸክማ ትመጣ ነበር። የእኛ ጉድጓድ ይሸታል ትለኝ ነበር። የሚሸተው አፍንጫሽ ነው እላት ነበር። ስቄባታለሁ። አሁን ይበቃሻል? ሌላ የምትቆፍሪው አለ?

ግርጌውን የት ደፋህ ላልሽው፣ ቦታውን የማውቀው እኔ ነኝ። ለእነዚያ ጎረምሶች አላሳይም። ሸምበቆም አያውቅም። የምታውቀው እናትሽ ብቻ ነበረች። እንዳሳይሽ ከፈለግሽ አንቺ ነይ። በባቡር አይደለም፣ በመርከብም አይደለም። በአውሮፕላን። አጥሩ ጋ ቆሜ ደረጃውን ስትወርጂ በዓይኔ አያለሁ። ለእናትሽ ያልዋጥሽውን ለእኔ ዋጪው። ያን ጊዜ አሳይሻለሁ።

ቃሌ ይኸው ነው። እኔም የተናገርኩትን አልውጥም።

አባትሽ

―

የካቲት 8 ቀን

ለልጄ፣

አጭሯ ደብዳቤሽ ደርሳኛለች። ቲኬት ቆርጫለሁ፣ የካቲት 26 እደርሳለሁ፣ እባክዎ እስከዚያ ሰዎቹ ውሃውን እንዳይጠጡ ያድርጉ ትላለች። ሦስት መስመር ናት። ብዙ ጊዜ አነበብኳት።

ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። አልሆነም። ለጎረቤት ውሃ መሃላሽን አፈረስሽ፤ ለእናትሽ አላፈረስሽም። ይህን ያደረግሽ አንቺ ብቻ ብትሆኚ ስድቤን ጽፌ እልክልሽ ነበር። ግን ያስገደድኩሽ እኔ ነኝ፤ በምን? በሰው ጉሮሮ። የባለሱቋን ልጅ ሆድ ይዤ ከልጄ ጋር ተደራደርኩ። ለማንም ብናገረው የሚያሳፍር ነው፤ ለዚህ ነው ለአንቺ ብቻ የምጽፈው።

ቲኬቱን መልሺው። ነግሬያቸዋለሁ።

እንዴት ሆነ ማለትሽ አይቀርም። ማክሰኞ ጠዋት ባለሱቋ ልጇን አስከትላ መጣች። ልጅቱ መሄድ ከብዷት ግድግዳ እየያዘች ነው። እናትየው ኩባያ ይዛለች። «ይህቺ ቅምጥል ውሃው ሸተተኝ ብላ ሦስት ቀኗ ነው፤ ጠብታ፣ እስቲ ቅመስና ገላግለን» አለችኝ። ልጅቱ አፍራ፣ «አባባ፣ አፍንጫዬ ነው መሰለኝ፤ እርጉዝ ሰው እንዲህ ይሆናል ይላሉ» አለች።

አፍንጫዬ ነው አለች፤ በገዛ አንደበቷ።

ኩባያውን ተቀበልኩ። እጄ ወደ አፌ አልሄደም። ባለሱቋ «ምነው፣ ነዳጅ ነው እንዴ?» ብላ ሳቀች። እኔ ደግሞ «ነው» አልኳት።

ጓዳ ገብቼ የድሮውን ጠርሙሴን አወጣሁ። ጡረታ ስወጣ የሰጡኝ እሱንና ያንን የምስጋና ወረቀት ነበር። የጓሯችንን ጉድጓድ ክዳን ብቻዬን አልቻልኩትም፤ መምህሩንና ሸምበቆን ጠራሁ። ሦስታችን አነሣነው። ሽታው ሲወጣ ሸምበቆ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። ሠላሳ ዓመት አብሮኝ የሠራ ነው፤ ምን እንደሆነ ሊነገረው አላስፈለገም።

ጠርሙሱን በገመድ አውርጄ ቀዳሁ። ወደ ፀሐይ አነሣሁት፤ እጄ ያውቀዋል። ዕድሜዬን ሙሉ ነዳጅ ውስጥ ውሃ ስፈልግ ኖርኩ፤ ከሥር፣ ከግርጌው። አሁን ግርጌው ሁሉ ውሃ ነው። ነዳጁ ከላይ ተኝቷል፤ ጣት የማይሞላ፣ ጥርት ያለ። ሰዉ በአጥሩ በኩል እያየ ነው። ማንም አላጨበጨበም።

የደፋሁበትን ቦታ አሳየኋቸው። ከጉድጓዱ አራት እርምጃ፣ ከግንቡ ሥር፣ እናትሽ ካሮትና ሰላጣ የምትተክልበት መደብ አጠገብ። ጠጠር አልብሼው ነበር። በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ አንዳንዴም ሦስት ጊዜ ግርጌውን እዚያ እደፋ ነበር። ለሰደርያዎቹም ይኸው አልኳቸው። መሰርሰሪያው አንድ ሜትር ሳይገባ እየተንጠባጠበ ወጣ። ጎረምሳው አልሰደበኝም። ቢሰድበኝ ይሻል ነበር። «እናመሰግናለን አባባ» አለ።

ግቢው አሁን ተቆፍሮ እንደ ጎደለ ጥርስ ሆኗል፤ ቧንቧችንም በቁፋሮው ተቆርጧል። ለባለሱቋና ቁልቁል ላሉት ውሃ በመኪና ይመጣል። ልጅቱን ወደ ሐኪም ወስደዋታል፤ እስካሁን ደህና ናት ይላሉ። «እስካሁን» የምትለዋን ቃል ሲናገሩ ያዩኛል። ባለሱቋ ሳሙና ስጠይቃት ባንኮኒው ላይ ታስቀምጠዋለች እንጂ በእጄ አትሰጠኝም። ጠብታ ብላም አትጠራኝም። ሸምበቆ ብቻ፣ «አንተማ ጎርፍ ነህ» አለኝ። ሊያስቀኝ ነው። አልሳቅሁም፤ እሱም አልሳቀም።

የምስጋና ወረቀቱን አወረድኩት። ከኋላው ያለው ግድግዳ ነጭ ነው፤ የቀረው ሁሉ ጠቁሯል። ጭስ እንደነበረ እንኳ አላውቅም ነበር። እናትሽ እዚያ ጭስ ውስጥ ቆማ ነበር የምታበስለው።

አንድ ነገር ይቅር አልልሽም። ያንን «ያኔም ቢሆን» ያልሽውን። ሰው እንዲያጨበጭብልሽ እናትሽን ሰጠሽ። እኔም ሰዉ እንዲያጨበጭብልኝ የሰው ውሃ ጠጣሁ፤ ሐኪሙ ፊትም አንድ ወረቀት እንዳይወርድብኝ አፌን ዘጋሁ። አንቺም ይቅር አትበይኝ። እናትሽ አለች ወይ ይቅር ለማለት? እሷ ዓይኗን ጨፍናለች።

ግን ነይ። በመርከብ ነይ፣ በባቡር ነይ፣ እንደማልሽው ነይ። አሥራ ዘጠኝ ቀን ይፍጅ። የሚያስቸኩለው ነገር አልፏል፤ ለእኔ ማንም አይቸኩል። ክፍልሽን ጠርጌዋለሁ። የምትጠጪውን ውሃ ከትምህርት ቤቱ ቧንቧ እኔ እሸከማለሁ፤ መንገዱ ዳገት መሆኑን ዘንድሮ ነው ያወቅሁት።

አንድ የቀረ ነገር ልንገርሽና ላብቃ። የቀዳሁትን ጠርሙስ ጎረምሳው ሊወስደው ቅጽ አወጣ። ናሙናውን የቀዳ ሰው ይፈርማል አለኝ። ከሥሩ ባዶ መስመር አለ፤ የናሙናው ሁኔታ ይላል። «እኔ ልሙላልዎት» አለ። እስክሪብቶውን ከእጁ ወሰድኩ። እጄ የለመደውን ጻፈ፣ «ንጹህ» ብሎ። ጎረምሳው ቀና ብሎ አየኝ።

«ቆይ፣ አልጨረስኩም» አልኩት። አጠገቡ «አይደለም» ብዬ ጨመርኩና ፈረምኩ።

አባትሽ